ዲያሎ ቴሊ፦ አዲስ አበባ ላይ ስምንት ዓመት የሠሩት፣ ኮናክሪ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ የተገደሉት ዲፕሎማት

ታሪክ_ወዳድ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ግንቦት 17 በመጣ ቁጥር ስለ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ብዙ ይባላል። ጃንሆይ ይነሳሉ፣ ንክሩማ ይነሳሉ፣ ከተማ ይፍሩ ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። መሪዎቹ ቻርተሩን ፈርመው ወደየአገራቸው ከተበተኑ በኋላ ግን ያንን ወረቀት መሥሪያ ቤት ያደረገው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ብዙም አላገኘሁም። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ቡባካር ዲያሎ ቴሊ ይባላሉ፤ የጊኒ ሰው ናቸው። ከ1964 እስከ 1972 እዚሁ አዲስ አበባ ነው የሠሩት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳያደናግራችሁ።

በ1925 በፉታ ጃሎን ደጋ፣ ፖሬዳካ በምትባል ቦታ ተወለዱ። ፖሬዳካ የፉታ ጃሎን የመጨረሻው ነጻ ገዢ አልማሚ ቦካር ቢሮ በ1896 በፈረንሳዮች የተሸነፈበት ስፍራ ነው። ቴሊ የፉላ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ይህን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ የሞት ምክንያት ይሆናል።

ትምህርታቸውን በጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪና በሴኔጋሉ ዊልያም ፖንቲ ትምህርት ቤት ተከታትለው ፓሪስ ገቡ። እዚያም ፈረንሳይ የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎቿን በምታሰለጥንበት ትምህርት ቤት ተምረው በሕግ ዶክተር ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው የሲቪል ሰርቫንት ሕይወት ነው። በሴኔጋል ቲየስ ምክትል ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎ ኮቶኑ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ዳካር በከፍተኛው ኮሚሽነር ቢሮ። በ1957 የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ታላቁ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ያኔ ስምንቱን ግዛቶች በአንድ ላይ የሚያይ የበጀትና የሕግ ጉዳይ በዚያ ምክር ቤት በኩል ያልፍ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በኋላ የአይቮሪ ኮስት መሪ የሆኑት ሁፉዌ ቧኚ ነበሩ፤ አጀንዳ የሚያዘጋጁት፣ ቃለ ጉባኤ የሚያስይዙት፣ የእንደራሴዎቹን ጠብ የሚያበርዱት ግን ቴሊ ነበሩ። የአህጉር ድርጅት እንዴት እንደሚሠራ የተማሩት እዚያ ይመስለኛል።

በመስከረም 1958 ደ ጎል ቅኝ ግዛቶቹ ከፈረንሳይ ጋር በአንድ ማኅበር ይቆዩ እንደሆነ ሕዝበ ውሳኔ ሲያደርግ ጊኒ ብቻዋን «አይሆንም» አለች። ፈረንሳዮች መዝገብና ዕቃ ሳይቀር ይዘው ወጡ። ገና የተወለደው መንግሥት የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቴሊ የዳካሩን ወንበር ትተው ለአገራቸው አደሩ። የጊኒ ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ወደ ኒውዮርክ ላካቸው፤ ጊኒ ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ፈረንሳይ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ከነጻነቱ ሁለት ወር ከአስር ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ቀጥሎ በዋሽንግተን አምባሳደር፣ በኒውዮርክ ቋሚ መልዕክተኛ ሆኑ። በ1963 አፓርታይድን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ኮሚቴ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሳቸው ነበሩ። ሚሪያም ማኬባ ቀርባ ስለ አገሯ የመሰከረችው ለዚያ ኮሚቴ ነው።

በሐምሌ 1964 የካይሮ ጉባኤ ሁለት ነገር ወሰነ፤ ድርጅቱ አዲስ አበባ እንዲቀር፣ ዋና ጸሐፊውም ቴሊ እንዲሆኑ። ቻርተሩ ከተፈረመ ጀምሮ ጽሕፈት ቤቱን በጊዜያዊነት ይዘው የቆዩት የእኛው ክፍሌ ወዳጆ ነበሩ፤ ከእሳቸው ተረከቡ። በ1968 አልጀርስ ላይ እንደገና ተመረጡ፤ በ1972 ራባት ላይ ወንበሩን ለካሜሩናዊው ንዞ ኤካንጋኪ አስረከቡ።

መጨረሻቸውን ሰው ከጠየቀ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን የሰውየው ሥራ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

የቄራ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እናቴ በዚያ ዘመን ድርጅቱ ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ ፈረንሳይኛ የተማረች ስለነበረች ነው የተቀጠረችው። ስለ መሪዎቹ አታወራም፤ ስለ ስቴንስል ነው የምታወራው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በተሰበሰበ ቁጥር ሌሊቱን ማደር ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ተርጓሚው ይተረጉማል፣ እሷ ስቴንስሉ ላይ ትመታለች። አንድ ፊደል ከተሳሳተች በቀይ ፈሳሽ ቀብታ እስኪደርቅ እፍ እያለች ትጠብቃለች። ከዚያ ማባዣ ማሽኑ ጋ ይሄዳል፤ ጧት ሚኒስትሮቹ ሲገቡ በየወንበሩ ላይ መገኘት አለበት። ጣቷ ለብዙ ዓመት ቀለም አይለቅም ነበር።

ሕንጻው የቀድሞ የፖሊስ ኮሌጅ መሆኑንም አትርሱ፤ መንግሥት ለድርጅቱ የሰጠው ነው። ለአህጉር ዋና መሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። አባል አገሮች መዋጮ በወቅቱ አይከፍሉም ነበር። ከሰላሳ በላይ አገሮች፣ ሁለት ዋና የሥራ ቋንቋ፣ ጥቂት ሠራተኛ፣ በየወሩ ስብሰባ። አንድ ሰው ያንን ስምንት ዓመት ሳይበተን ከያዘው የአስተዳደር ሰው መሆኑን አስመስክሯል ባይ ነኝ።

ዳዊት_ዘሐረር

ሥራውን አልክድም፤ ነገር ግን እየቀባነው እንዳይሆን። ጥር 1971 ኮናክሪ ውስጥ ሰዎች በአደባባይ ድልድይ ላይ ተሰቅለዋል። ከእነሱ አንዱ የታወቀው ፖለቲከኛ ባሪ ሦስተኛ ነበር። የኮናክሪው የፖለቲካ እስረኞች እስር ቤት ካምፕ ቦይሮ ያኔም ሙሉ ነበር። ዲያሎ ቴሊ በዚያ ወቅት የአህጉሩ ዋና ጸሐፊ ነው፤ የተሰቀሉትን ያውቃቸዋል፤ አብሮ አደጎቹ ናቸው። ምን አደረገ? በዓመት ከመንፈቁ ወደ ኮናክሪ ተመልሶ የዚያው መንግሥት የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። የፍትሕ! ሰው ያለ ፍርድ በሚታጎርበት አገር የፍትሕ ሚኒስትር መሆን ምን ማለት ነው? በመጨረሻ ራሱ መታሰሩ ያሳዝነኛል፤ ከነበረበት ኃላፊነት ግን ነጻ አያደርገውም።

ታሪክ_ወዳድ

ዳዊት፣ ያነሳኸው ከባድ ነው፤ አላልፈውም። የፍትሕ ሚኒስትርነቱን ልከላከልለት አልችልም፤ አልሞክርምም። ስለ ዋና ጸሐፊነቱ ግን የምለው አለኝ።

ቻርተሩ ሹመቱን የሚጠራው «የአስተዳደር ዋና ጸሐፊ» ብሎ ነው። ፖለቲካው የመሪዎቹ፣ ደብዳቤና ፋይሉ የጸሐፊው እንዲሆን ሆን ተብሎ የገባ አጠራር ነው። አንቀጽ ሦስት ደግሞ በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ይከለክላል። እንኳን ጸሐፊው፣ መሪዎቹም ስለ አንዱ አገር እስረኛ ሌላው አፉን አይከፍትም ነበር። ቴሊ ይህን አጥር ሲገፋ ነው የኖረው። የእንግሊዝ ግዛት በነበረችው ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ የነጮቹ መንግሥት መሪ ኢያን ስሚዝ በኅዳር 1965 ነጻነት ባወጀ ጊዜ ሚኒስትሮቹ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ እንግሊዝ እስከ ታኅሣሥ 15 ዓመፁን ካላስቆመች ሁላችንም ግንኙነት እናቋርጣለን ብለው ወሰኑ። ቀኑ ሲደርስ ቃላቸውን የጠበቁት አገሮች አስር እንኳ አልሞሉም። ቴሊ ይህን ዝም ብለው አላለፉትም፤ የተወሰነ ውሳኔ ይፈጸም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከሁፉዌና ከቱኒዚያው ፕሬዚዳንት ከቡርጊባ በኩል «ይህ ሰው ከጸሐፊነቱ አልፏል» የሚለው ክስ የበረታባቸው በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ዳካር ላይ በአለቅነት የሚያውቋቸው ሁፉዌ መሆናቸውን አስቡት።

በጊኒ ጉዳይ ደግሞ መውጫ አልነበራቸውም። በጥቅምት 1966 ወደ አዲስ አበባ ስብሰባ የሚመጣው የጊኒ ልዑክ በፓን አም አውሮፕላን አክራ ሲያርፍ፣ ንክሩማን የገለበጡት ወታደሮች ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ሁሉንም አሰሩ። ዋና ጸሐፊው ጊኒያዊ ነው፤ ቢከራከር ለአገሩ አደላ ይባላል፣ ዝም ቢል ሴኩ ቱሬ ከዳኝ ይላል። ነገሩ በሽምግልና እስኪፈታ ድረስ በሁለት እሳት መሃል ነበሩ። ሴኩ ቱሬ ደግሞ ቂም የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ሰብለ_ቶሮንቶ

እኔ ሌላ ሰው ልጨምር፤ ምክንያቱም በአንድ ከተማ በአንድ ዘመን ሁለት ምዕራብ አፍሪካውያን ሲቪል ሰርቫንቶች ነበሩ። አንዱ ቴሊ ናቸው። ሌላው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥራ አስፈጻሚ ጸሐፊ፣ ጋናዊው ሮበርት ጋርዲነር።

ጋርዲነር በ1914 ኩማሲ ተወልደው በፍሪታውን ፎራ ቤይ፣ ከዚያ በካምብሪጅና በኦክስፎርድ ተማሩ። ኢባዳን ላይ ከመደበኛው ውጪ ያለውን ትምህርት ክፍል መሩ። ጎልድ ኮስት ተመልሰው የማኅበራዊ ደኅንነት መምሪያን፣ ቀጥሎ የቤቶች ሚኒስቴርን ያዙ፤ ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ የሲቪል ሰርቪሱ አለቃ ሆኑ። እንግሊዞቹ ሲወጡ በየወንበሩ ማን እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወደ ኮሚሽኑ የመጡት በ1959 በምክትልነት ነው። ከዚያ ኮንጎ፤ በ1962 የተባበሩት መንግሥታትን ዘመቻ በሊዮፖልድቪል እንዲመሩ ተሾሙ፣ የኮንጎ ግዛት የካታንጋ መገንጠል ያበቃው በእሳቸው ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ 1975 አፍሪካ አዳራሽ።

ጋርዲነርና ቴሊ ግን አልተስማሙም። ነገሩ የግል ጠብ አልነበረም። ኮሚሽኑ ከድርጅቱ አምስት ዓመት ይቀድማል፤ ገንዘቡ ከኒውዮርክ ይመጣል፤ ኢኮኖሚስት፣ የስታትስቲክስ ሰው፣ የመንገድ መሐንዲስ አለው። ድርጅቱ ይህ ሁሉ የለውም። የቴሊ አቋም ግልጽ ነበር፤ የአፍሪካን ኢኮኖሚ አቅጣጫ መወሰን ያለባቸው በአፍሪካ መንግሥታት ድርጅት ውስጥ የተቀመጡ አፍሪካውያን ናቸው፣ ኮሚሽኑም ለዚያ ውሳኔ ባለሙያ ሆኖ ያገልግል። ጋርዲነር ጥናትን ከፖለቲካ ማራቅ የለመዱ ሰው ነበሩ። በ1965 የትብብር ስምምነት ተፈረመ፤ ሽኩቻው ግን አላቆመም።

እኔ በዚህ ክርክር ከቴሊ ጋር ነኝ። ሥራውን በተሻለ የሠሩት ግን ጋርዲነር ይመስሉኛል፤ ምክንያቱም ባለሙያ ነበራቸው። ቴሊ ትክክለኛ ሐሳብ ይዘው ሐሳቡን የሚሸከም መሥሪያ ቤት አልተሰጣቸውም።

ኪዳነ_ቃል

ሰብለ ጥሩ አድርገሽ አስቀመጥሽው። ከናይጄሪያ ለመገንጠል የተዋጋችውን የቢያፍራንም ጉዳይ ማንሳት ያስፈልጋል። በ1967 ኪንሻሳ ላይ በጃንሆይ ሰብሳቢነት የስድስት መሪዎች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1968 ኒያሜ፣ ከዚያ ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ድርድር ተደረገ፤ የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ ራሱ መጥቶ ተናገረ። ታንዛንያ፣ ዛምቢያ፣ ጋቦንና አይቮሪ ኮስት ለቢያፍራ እውቅና ሰጥተው ነበር። ቴሊ ከናይጄሪያ አንድነት ጎን ቆሙ። እዚያ ላይ የቅኝ አገዛዝ ድንበር አይነካ የሚለው አቋም አሸነፈ፤ የሚራቡት ሕፃናት ድምፅ ግን በድርጅቱ ስብሰባ ላይ ከሚገባው በታች ነው የተሰማው። ይህንንም በእሳቸው ዘመን መዝገብ ላይ መጻፍ አለብን።

ማሕሌት_ሐዋሳ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። በ1972 ሲጨርሱ ለምን ተመለሱ? ኒውዮርክ የሚያውቃቸው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። መጨረሻቸውንስ ንገሩን።

ታሪክ_ወዳድ

ማሕሌት፣ ወዳጆቻቸው እንዳይመለሱ መክረዋቸው እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ይናገራሉ። ለምን እምቢ እንዳሉ ሁሉም የየራሱን ይሰጣል። እኔ ከሥራ ታሪካቸው ተነስቼ የምለው ይህ ነው፤ ሰውየው ከልጅነት እስከ እውቀት የኖሩት መንግሥት ሲጠራቸው «አቤት» እያሉ ነው። በ1958 ዳካር የነበረውን ሁሉ ትተው የሄዱት በዚያው መንፈስ ነው። ቤተሰብ አለ፣ አገር አለ። ሚኒስትር ሆነው ቢገቡ አንድ ነገር ማስተካከል እችላለሁ ብለው ያመኑ ይመስለኛል።

በነሐሴ 1972 ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 18 ቀን 1976 ታሰሩ። የቀረበባቸው ክስ መንግሥት ለመገልበጥ የሚዶልት «የፉላ ሴራ» መሪ ናቸው የሚል ነበር፤ የአሜሪካ ስለላም ተጨመረበት። ሴኩ ቱሬ በዚያው ሰሞን በሕዝብ ፊት ፉላዎችን በጅምላ እየከሰሰ ንግግር አደረገ። ምርመራውን የሚመራው ወንድሙ ኢስማኤል ቱሬ ነበር። ቴሊ መጀመሪያ አላምንም አሉ፤ በስቃይ ብዛት የተጻፈላቸውን ፈረሙ።

ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በካምፕ ቦይሮ «ጥቁር ዲዬት» የሚሉት ቅጣት ነበር፤ እስረኛው ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ምግብ የለም፣ ውኃ የለም፣ እስኪሞት። የካቲት 1977 ቴሊ ከሌሎች አራት እስረኞች ጋር እዚያ ገቡ። ከእነሱ መካከል ሚኒስትሮቹ አሊዩን ድራሜና ዶክተር አልፋ ኡማር ባሪ ነበሩ። ወሩ ሲያልቅ ገደማ ሞቱ። ሃምሳ ዓመት ገና ማለፋቸው ነበር። አስከሬናቸው ለቤተሰብ አልተሰጠም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የሚከተለው ነው። ያ ድርጅት የ1984ን የመሪዎች ጉባኤ ኮናክሪ ላይ ለማድረግ ተስማምቶ ነበር። የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊው በረሃብ የተገደለበት ከተማ! ሴኩ ቱሬ ለእንግዶቹ ቪላ እያሠራ ነበር። ጉባኤው የቀረው አንድ መሪ ስለተቃወመ አይደለም፤ ሴኩ ቱሬ በመጋቢት ሞቶ በሳምንቱ ወታደሮች ሥልጣኑን ስለያዙ ነው።

የቄራ_ልጅ

እናቴ እስክትሞት «በዚያ ደጅ ስንገባ ስንወጣ የከርቸሌን ግንብ እናየው ነበር» ትል ነበር። የድርጅቱ ግቢና ዓለም በቃኝ ጎረቤት ነበሩ። በእኛ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳዎቹ ሲረሸኑ፣ አክሊሉ ሀብተወልድም አንዱ ነበሩ፤ ከሰላሳ ዓመት በላይ ኢትዮጵያን በዲፕሎማሲ ያገለገሉ፣ ድርጅቱ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው። ከተማ ይፍሩም ታስረዋል። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ትልቁ ሕንጻ የቆመው ዓለም በቃኝ ፈርሶ በቦታው ነው። የቴሊንና የአክሊሉን ዕጣ ለይቼ ማየት አልችልም።

ዳዊት_ዘሐረር

የቄራ ልጅ፣ ሐዘንሽ ገብቶኛል፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ግን አንድ ልዩነት አለ፤ አክሊሉ ያገለገሉት መንግሥት ወድቆ ሌላ ነው የገደላቸው። ቴሊን የገደለው ራሱ ያገለገለው መንግሥት ነው። ክፍሌ ወዳጆን ደግሞ አስቡ፤ እሱም የደርግ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፣ ሁኔታውን ሲያይ አገር ጥሎ ወጣ፣ በ1990ዎቹ ተመልሶ የሕገ መንግሥት ኮሚሽኑን መራ። ጋርዲነርም አገሩ ተመልሶ ለአቻምፖንግ ወታደራዊ መንግሥት የፕላን ኮሚሽነር ሆኗል፤ በሰላም ኖሮ በ1994 አረፈ። ማገልገል ብቻውን ሞት አያመጣም፤ ማንን ማገልገል እንደሆነ ነው ጉዳዩ። ታሪክ ወዳድ፣ ስለ አክራው እስርና ስለ ሁፉዌ ያነሳኸው ግን ያላሰብኩት ነበር፤ የጸሐፊነቱን ዘመን በተመለከተ ዝም አለ ያልኩትን እንደገና አየዋለሁ።

ኪዳነ_ቃል

የጸሐፊው ሥልጣን ጉዳይ ከቴሊ ጋር እንዳላበቃ ማስታወስ ይጠቅማል። «የአስተዳደር» የሚለው ቃል ከሹመቱ ላይ የተነሳው በ1979 ነው። ወንበሩ ላይ የነበሩት የቶጎው ኤደም ኮጆ ናቸው። በየካቲት 1982 አዲስ አበባ በተደረገው የሚኒስትሮች ስብሰባ፣ አብዛኞቹ አባላት እውቅና ሰጥተዋታል ብለው የምዕራብ ሳሃራን ሪፐብሊክ በአባልነት አስቀመጡ። ሞሮኮና ደጋፊዎቿ ረግጠው ወጡ። በዚያ ዓመት ትሪፖሊ ላይ ሁለት ጊዜ የተጠራው ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ ሳያገኝ ቀረ። ድርጅቱ ለጥቂት ተረፈ፤ ሞሮኮ በ1984 ሳሃራ ወንበሯን ስትይዝ ወጣች፣ የተመለሰችው በ2017 ነው።

ኮጆ የተከሰሱበትን ክስ አንብቡት፤ ከአስራ አምስት ዓመት በፊት ቴሊ የተከሰሱበት ነው፤ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ እንደ መሪ ወሰነ የሚል። ልዩነቱ ቴሊ አንድም አባል ሳያስወጡ ስምንት ዓመት መምራታቸው ነው። ቢያፍራን፣ ሮዴዥያን፣ የአክራውን እስር ሁሉ አልፈው ራባት ላይ ሲያስረክቡ ድርጅቱ ሲረከቡት ከነበረው የበዛ አባል ነበረው። ዳካር ላይ የተማሩት የቢሮ ሥራ የታየው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር፣ አሠራሩን ግን አያፈርሱም ነበር።

ሰብለ_ቶሮንቶ

እስማማለሁ። ታሪክ ወዳድ፣ ከቻልክ የጋርዲነርን የኮንጎ ዓመት ለብቻው ክፈትልን፤ ካታንጋ የነበሩ የእኛ ወታደሮች ልጆች እዚህ መድረክ ላይ እንዳሉ አውቃለሁ፣ የአባቶቻቸውን ይጨምሩበታል።

ታሪክ_ወዳድ

በደስታ። ኮንጎ የዘመቱ የጠቅል ብርጌድ ወታደሮች ቤተሰቦች ፎቶም ደብዳቤም ካላችሁ አዘጋጁልኝ፤ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።